ኤሮ ሳሪነን ማን ነበር? ስለ ዳላስ ኤርፖርት አርክቴክት ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ዋሽንግተን አካባቢ ለምንኖር አበሾች ዳላስ ኤርፖርት እንደ ሰፈር ነው። እናት የምንቀበለው እዚያ ነው። ወንድም የምንሸኘውም እዚያው ነው። እናቴን ለመጀመሪያ ጊዜ ልቀበል የሄድኩ ቀን፣ ታች መድረሻው ጋ አበባ ይዤ መቆም ሲሰለቸኝ ወደ ላይኛው ፎቅ ወጣሁ። ቀና ስል ጣሪያውን አየሁት። ስንት ጊዜ ተመላልሼበታለሁ፤ አንድም ቀን ግን ልብ ብዬ አይቼው አላውቅም ነበር። የዚያን ቀን ዓይኔን መንቀል አቃተኝ።

ከዚያ ወዲህ ይህን ጣሪያ ያሰበውን ሰው ስከታተል ቆይቻለሁ። ስሙ ኤሮ ሳሪነን ነው። ስለ እሱ ባወራሁ ቁጥር የሚቀርቡልኝ ጥያቄዎች ስለሚመሳሰሉ እዚህ ሰብሰብ አድርጌ ልመልሳቸው። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ኤሮ ሳሪነን ማን ነው?

በ1910 ፊንላንድ ውስጥ ተወልዶ በ1961 አሜሪካ ውስጥ ያረፈ አርክቴክት ነው። የዳላስ ኤርፖርት ዋና ተርሚናል፣ የሴንት ሉዊስ ከተማ ትልቁ ቅስት፣ ኒው ዮርክ ኬኔዲ ኤርፖርት ያለው የቀድሞው የቲ.ደብልዩ.ኤ. አየር መንገድ ተርሚናል የእሱ ሥራዎች ናቸው። ባለ አንድ እግሩን ነጭ ወንበርም ያወጣው እሱ ነው። ስሙን ባታውቁት እንኳ ከሥራዎቹ አንዱን ማየታችሁ አይቀርም።

ፊንላንዳዊ ነው አሜሪካዊ?

ሁለቱም ነው። አሜሪካ የገባው በ1923 ነው፤ 13 ዓመት እንኳ አልሞላውም ነበር። ዜግነት የወሰደው በ1940 ነው። ትምህርቱም ሥራውም ከሞላ ጎደል አሜሪካ ነው። ግን ያሳደገው ቤት ፊንላንዳዊ ነበር። የተወለደው ከሄልሲንኪ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ወጣ ብሎ፣ ኪርኮኑሚ በሚባል አካባቢ፣ ሐይቅ አጠገብ በቆመ የግንድና የድንጋይ ቤት ነው። ቤቱ ቪትሬስክ ይባላል። አባቱ ከሁለት የሥራ ባልደረቦቹ ጋር የሠራው ሲሆን መኖሪያም ቢሮም ነበር። ዛሬ ሙዚየም ሆኗል።

ልጅ ሆኖ የሚውለው አባቱ ንድፍ በሚያወጣበት ጠረጴዛ ጫፍ ነበር። ቋንቋውን ከመጨረሱ በፊት እርሳስ ይዟል። ውጭ አገር ልጅ የምናሳድግ ሰዎች ይህን በደንብ የምንረዳው ይመስለኛል። ልጁ የሚያድገው በሰው አገር ነው፤ እጁ ግን የሚፈታው ቤቱ ውስጥ ነው።

አባቱም አርክቴክት ነበር የሚባለው እውነት ነው?

አዎ፣ ያውም ስመ ጥር። ኤሊየል ሳሪነን ይባላል። ሄልሲንኪ ሄዶ የሚያውቅ ሰው የባቡር ጣቢያውን ያስታውሳል። በመግቢያው ግራና ቀኝ ጥንድ ጥንድ ሆነው የቆሙ፣ ክብ መብራት የታቀፉ ግዙፍ የድንጋይ ሰዎች አሉ። ያ ጣቢያ የኤሊየል ንድፍ ነው። የተከፈተው በ1919 ነው።

በ1922 የቺካጎ ትሪቢዩን ጋዜጣ ለሕንፃው ዓለም አቀፍ የንድፍ ውድድር አወጣ። ኤሊየል ሁለተኛ ወጣ። ሽልማቱ 20,000 ዶላር ነበር። በዚያ ገንዘብ ቤተሰቡን ይዞ አሜሪካ ገባ። ቀጥሎ ሚሺጋን ውስጥ ክራንብሩክ የሚባለውን የትምህርትና የሥነ ጥበብ መንደር ገነባ፤ የአርት አካዳሚውንም መራ።

እናቱ ሎያ ቀራፂና የሽመና ባለሙያ ነበረች። ክራንብሩክ ውስጥ የራሷን የሽመና ክፍል አቋቁማለች። እህቱ ፒፕሳንም ዲዛይነር ሆናለች። አባት ሕንፃውን፣ እናት ምንጣፍና መጋረጃውን፣ ልጆቹ ዕቃውን። ቤቱ ራሱ ትምህርት ቤት ነበር ማለት ይቻላል። ኤሮ በ12 ዓመቱ ስዊድን ውስጥ በተካሄደ የክብሪት እንጨት ሥዕል ውድድር አንደኛ ወጥቷል።

አንድ ነገር ልጨምር። አባትና ልጅ ልደታቸው አንድ ቀን ነው፣ ነሐሴ አጋማሽ ላይ፣ በፈረንጆቹ ኦገስት 20።

ከአባቱ ጋር ተወዳድሮ አሸነፈ የሚባለውስ?

ይህ ታሪክ ሁሌም ደስ ይለኛል። ሴንት ሉዊስ ከተማ ወንዝ ዳር ለሚቆም ሐውልት በ1947 ውድድር ተከፈተ። 172 ንድፎች ገቡ። አባትና ልጅ አንድ ቢሮ ውስጥ እየሠሩ የየግላቸውን ንድፍ ላኩ። ለመጨረሻው ዙር ያለፉት ሲታወቁ ቴሌግራሙ የመጣው በኤሊየል ስም ነበር። ቤተሰቡ ሻምፓኝ ከፍቶ ለአባት ጠጣ።

በኋላ ስልክ ተደወለ። ስህተት ነበር፤ ያለፈው ልጁ ነው። ኤሊየል አላኮረፈም። ሌላ ጠርሙስ እንዲከፈት አደረገና ለልጁ ጽዋውን አነሳ። በ1948 ኤሮ ውድድሩን አሸነፈ። ኤሊየል ከሁለት ዓመት በኋላ አረፈ። ኤሮ በራሱ ስም የሚታወቅበትን ሥራ አብዛኛውን የሠራው ከዚያ ወዲህ ነው። ከአባቱ ሞት እስከ እሱ ሞት 11 ዓመት ብቻ ነው ያለው።

ያ ቅስት እንዴት ነው ሳይወድቅ የቆመው?

አንድ የአንገት ሐብል ውሰዱ። ሁለቱን ጫፎች በሁለት እጃችሁ ይዛችሁ ልቀቁት። መሐሉ በራሱ ክብደት ወደ ታች ይወርድና የሚያምር ጉብጠት ይሠራል። ያን ቅርጽ ገልብጡት፤ ቅስቱን አገኛችሁት ማለት ነው። ሐብሉ ሲንጠለጠል በሙሉ የሚሳበው በራሱ መስመር ነው። ሲገለበጥ ደግሞ በሙሉ የሚጫነው በራሱ መስመር ነው። ክብደቱ ወደ ጎን ሳያፈነግጥ እግሩን ተከትሎ መሬት ይገባል። ሳሪነን ታች ወፈር፣ ላይ ቀጠን እንዲል ስለፈለገ ቅርጹ ከተራው ሐብል ትንሽ ይለያል። ሐሳቡ ግን ያው ነው።

ቁመቱ 192 ሜትር ነው። በሁለቱ እግሮች መካከል ያለው ስፋትም እንዲሁ 192 ሜትር ነው። ሳየው ግን ሁልጊዜ ቁመቱ ይበልጥብኛል፤ ዓይን ያታልላል። እግሩ ቢቆረጥ ሦስት ጎን ነው። ታች እያንዳንዱ ጎን 16 ሜትር ተኩል ገደማ ሲሆን ጫፍ ላይ 5 ሜትር ገደማ ይደርሳል። ውጩ የማይዝግ ብረት ስለሆነ ሰማዩ ሲቀየር መልኩ አብሮ ይቀየራል።

ግንባታው በ1963 ተጀመረ። ሁለቱ እግሮች ለየብቻ እያደጉ ወጡና መጨረሻ ላይ አንድ ቁራጭ ብቻ ቀረ። ያን ቁራጭ ለማስገባት የተመረጠው ቀን ኦክቶበር 28 ቀን 1965 ነበር። ፀሐይ ደቡባዊውን እግር አሙቃ ስላስረዘመችው ከሌላው ጋር አልገጥም አለ። እሳት አደጋዎች በጎማ ውሃ እየረጩ አቀዘቀዙት። ያን ሁሉ ስሌት ሠርተው መጨረሻ ላይ ያዳናቸው ውሃ ነው። በግንባታው ወቅት አንድም ሠራተኛ አልሞተም።

ዳላስ ኤርፖርት ከቴክሳሱ ዳላስ ጋር ይገናኛል?

አይገናኝም። እኛ ስንናገር አንድ ስላደረግነው ነው። የቴክሳሱ የከተማ ስም ነው። የኛው ኤርፖርት የተሰየመው በአይዘንሃወር ዘመን የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር በነበረው በጆን ፎስተር ደለስ ነው። ዘመድ ትኬት ሲቆርጥ "ዋሽንግተን" የሚለውን ቃል እንዲያይ ንገሩት። ከአዲስ አበባ ወደ ዋሽንግተን የሚበረው የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን የሚያርፈው እዚሁ ቨርጂኒያ ነው።

ሳሪነን ይህን ኤርፖርት እንዴት አሰበው?

ሥራው የተሰጠው በ1958 ነው። ጄት አውሮፕላን ገና አዲስ ነበር። አሜሪካ ውስጥ ከመነሻው ለጄት ተብሎ የታሰበ ኤርፖርት አልነበረም። ሳሪነን እርሳስ ከማንሳቱ በፊት ሰዎቹን ሰዓት መቁጠሪያ አስይዞ ወደ ሌሎች ኤርፖርቶች ላካቸው። መንገደኛው ከመኪና ወርዶ አውሮፕላን እስኪገባ ስንት ደቂቃ ይፈጅበታል? ስንት ይራመዳል? የት ላይ ይቆማል? ይህን ቆጥረው መጡ።

እኔን ይህን ሰው ያስወደደኝ ይህ ነው። ስለ ጣሪያ ከማሰቡ በፊት ሻንጣ ስለሚጎትት ሰው አሰበ። ጉልበቷን የሚያማት እናት ይዞ ረጅም ኮሪደር የሄደ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል።

ጣሪያው ከዚያ መጣ። ራሱ ያመሳሰለው በሲሚንቶ ዛፎች መካከል ከተንጠለጠለ ረጅም የጨርቅ አልጋ ጋር ነው። እኔ ሳየው የሚመጣብኝ ሌላ ነው። ሁለት ሰዎች የታጠበ ጋቢ ለማጠፍ ጫፍና ጫፉን ይዘው ሲቆሙ መሐሉ ረገብ ይላል አይደል? ልክ እንደዚያ ነው። መጀመሪያ ሲሠራ ከፊትና ከኋላ 16፣ 16 ዓምዶች ነበሩት። በመካከላቸው የብረት ገመዶች ተወጥረዋል። በገመዶቹ መካከል የሲሚንቶ ሰሌዳዎች ተደርድረዋል።

ዓምዶቹን ልብ ብላችሁ እዩዋቸው። ቀጥ ብለው አልቆሙም፤ ወደ ውጭ ጋደል ብለዋል። ገመዱ ወደ ውስጥ ስለሚስባቸው ነው። ጋቢውን የያዙት ሰዎችም ጨርቁን ሲወጥሩ ወደ ኋላ ዘንበል እንደሚሉት። የፊተኞቹ ከኋለኞቹ ይረዝማሉ። ፊት ለፊት 20 ሜትር ገደማ፣ ከኋላ በአውሮፕላኖቹ በኩል 12 ሜትር ገደማ ናቸው። ለዚህ ነው ጣሪያው ሊነሳ የተዘጋጀ የሚመስለው።

አዳራሹ መሐል ላይ አንድም ዓምድ የለም። ስንት ሰው ተሰልፎ እንኳ ትንፋሽ አያጥርም።

ከአውሮፕላን ወርደን የምንሳፈርበት ያ ትልቅ መኪናም የእሱ ሐሳብ ነው?

የእሱ ነው። ከአዲስ አበባ የመጣ ሰው ሁሉ ያስታውሰዋል። ያን ሁሉ ሰዓት በረን ደከም ብለን እንወርዳለን። ኮሪደሩን ጨርሰን በር ስናልፍ ክፍል የገባን ይመስለናል። ግራና ቀኝ መቀመጫ አለ፤ አብዛኛው ሰው ግን ቆሟል። በሩ ይዘጋና ክፍሉ ይንቀሳቀሳል! እናቴ "ቤቱ ሄደ" ያለችኝ ይህን ነው።

ስሙ ተንቀሳቃሽ ሳሎን ነው። የሳሪነን ስሌት እንዲህ ነበር። አውሮፕላን በበዛ ቁጥር ኤርፖርቱ እጅና እግሩን እየዘረጋ ይሄዳል፤ መንገደኛውም በእግሩ ይለካዋል። ስለዚህ ሰው ወደ አውሮፕላን ከሚሄድ የመቆያ ክፍሉ ራሱ ይሂድ። ወደ 100 የሚጠጋ ሰው የሚይዘው ክፍል በጎማ ይሽከረከርና አውሮፕላኑ ድረስ ያደርሰዋል። ሐሳቡን ለኤርፖርቱና ለአየር መንገዶቹ ሰዎች ለማስረዳት ዲዛይነሮቹ ወዳጆቹ ቻርልስና ሬይ ኢምስ አጭር ፊልም ሠሩለት።

ሠራ ወይ? በጀመረበት መንገድ አልቀጠለም። አውሮፕላኖቹ ተለቁ፣ መንገደኛው በዛ፣ ከአንዱ በረራ ወደ ሌላው የሚዘዋወረው ሰው ብዛት አሳቢው ከገመተው አለፈ። ቆይቶ የመሳፈሪያ ሕንፃዎች ራቅ ብለው ተሠሩ። በ2010 ደግሞ ከመሬት በታች ባቡር ገባ። ተንቀሳቃሽ ሳሎኖቹ ግን ዛሬም ከውጭ አገር የሚመጣውን መንገደኛ ወደ ፓስፖርት ቁጥጥሩ ያመላልሳሉ። ብዙ ሰው ሲማረርባቸው እሰማለሁ። ቆሞ መጠበቁ አድካሚ ነው፣ አልክድም። የተፈለሰፉት ግን ለደከመ እግር ታስቦ ነው፤ ይህን ካወቅሁ ወዲህ በሌላ ዓይን ነው የማያቸው።

አንዱ ግምቱ ግን ሰምሮለታል። ተርሚናሉ ወደ ጎን እንዲረዝም አድርጎ ነው ያወጣው። በ1996 በዚያው ንድፍ በሁለቱም ወገን ተቀጥሎ ርዝመቱ እጥፍ ሆነ። ከ183 ሜትር ገደማ ወደ 378። የት ላይ እንደተቀጠለ ካልተነገራችሁ አትለዩትም።

ወንበርም ይሠራ ነበር የሚባለውስ?

ይሠራ ነበር። በ1940 እና 1941 ከቻርልስ ኢምስ ጋር ሆኖ ኒው ዮርክ ባለው የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም የዕቃ ውድድር አሸንፏል። ፍሎረንስ ኖል ክራንብሩክ የተማረች፣ ከቤተሰቡ ጋር ያደገች ዲዛይነር ናት። ትራስ የሞላበት ቅርጫት የመሰለ፣ እግር ሰብስበው የሚቀመጡበት ወንበር አምጣልኝ አለችው። በ1948 እናት ልጇን አቅፋ የምትይዝ የሚመስለውን ወንበር አወጣ።

ቀጥሎ ወደ እግሮቹ ዞረ። ጠረጴዛ አራት እግር፣ ስድስት ወንበር ሃያ አራት እግር። ከታች ሲታይ ጫካ ነው። ይህ ግርግር ያናድደው ነበር። በ1957 ገበያ የወጣው ባለ አንድ እግር ወንበርና ጠረጴዛ ከዚያ ንዴት የመጣ ነው። ወንበሩን በአንድ ዓይነት ቁስ ወጥ አድርጎ ሊሠራው ነበር የፈለገው። የዘመኑ ፕላስቲክ ግን በአንድ ቀጭን እግር ሰው አይችልም ነበር። ስለዚህ እግሩ አሉሚኒየም ሆኖ ከላዩ ጋር እንዲመሳሰል ነጭ ተቀባ። በየካፌው የምናየው ባለ አንድ እግር ክብ ነጭ ጠረጴዛ ብዙውን ጊዜ የዚህ ቅጂ ነው።

የቲ.ደብልዩ.ኤ. ተርሚናል ምኑ ነው የተለየው?

ክንፉን የዘረጋ ወፍ ይመስላል። አራት የሲሚንቶ ቅርፊቶች መሐል ላይ ተገናኝተው በአራት ቅርንጫፋማ እግሮች ላይ ቆመዋል። ውስጡ ገብታችሁ ግድግዳው የት አልቆ ጣሪያው የት እንደጀመረ መለየት ይቸግራል። ቢሮው ሰው ጭንቅላቱን አስገብቶ የሚያይባቸው ትልልቅ ሞዴሎች ሠርቶ ነው እዚያ የደረሰው። ቁርስ ላይ የግሬፕፍሩት ቅርፊት ገልብጦ በእጁ ሲጫን ሐሳቡ መጣለት እየተባለም ይተረካል።

በ1962 ተከፈተ፤ በ2001 ተዘጋ። በ2019 ሆቴል ሆኖ እንደገና ተከፍቷል። ዕቃውና ቀለሙ የ1962ቱን እንዲመስል ተደርጓል።

ለምንድነው ሥራዎቹ እርስ በርስ የማይመሳሰሉት?

በዘመኑም ብዙ የተተቸው በዚህ ነው። የአንዳንድ አርክቴክት ሥራ ከሩቅ ይታወቃል። የሳሪነን ግን አንዱ ወፍ፣ አንዱ ጋቢ፣ አንዱ የብረት ሳጥን ነው። ተቺዎች የራሱ መልክ የለውም አሉት።

እኔ አልስማማም። መልኩን ሳይሆን አጠያየቁን ብታዩ አንድ ሰው ነው። አባቱ አንድ ነገር አስተምሮታል፦ ወንበር ስታወጣ ክፍሉን አስብ፣ ክፍል ስታወጣ ቤቱን፣ ቤት ስታወጣ አካባቢውን፣ አካባቢውን ስታስብ ከተማውን። በዚህ የሚመራ ሰው ለጀነራል ሞተርስ የምርምር ማዕከልና ለተማሪዎች ጸሎት ቤት አንድ ዓይነት ሕንፃ ሊሰጥ አይችልም። ለጀነራል ሞተርስ ሲሠራ የመኪና መስታወት ከቆርቆሮው ጋር የሚያያዝበትን የጎማ ዘዴ ወደ ሕንፃ መስኮት አመጣው። ለኤም.አይ.ቲ. ዩኒቨርሲቲ ጸሎት ቤት ደግሞ በዙሪያው መስኮት አላወጣም። ክብ የጡብ ቤት ነው። ብርሃን ከጣሪያው ቀዳዳ መሠዊያው ላይ ይወርዳል። ግድግዳውን ከከበበው ውሃ ላይ የሚንጸባረቀው ደግሞ ከታች ሾልኮ ይገባና ጡቡ ላይ ይወዛወዛል።

የሲድኒ ኦፔራ ሃውስን ያስመረጠው እሱ ነው?

ከዳኞቹ አንዱ ነበር፣ በ1957። ዘግይቶ ደረሰና ተጥለው ከነበሩት ንድፎች መካከል የዴንማርኩን የዮርን ኡትሶንን አንስቶ "ይህ ነው" አለ ተብሎ ይተረካል። አተራረኩ ላይ ክርክር አለ። ንድፉን አጥብቆ መደገፉ ግን አያከራክርም።

ትዳርና ልጆችስ?

ሁለት ጊዜ አግብቷል። ከመጀመሪያ ሚስቱ ከቀራፂዋ ሊሊያን ስዋን ሁለት ልጆች ወልዷል። በ1953 የኒው ዮርክ ታይምስ የሥነ ጥበብ ጸሐፊ አሊን ስለ እሱ ልትጽፍ መጣች። በ1954 ተጋቡ። ወንድ ልጅ ሲወለድላቸው በወዳጁ ስም ኢምስ አሉት። ለአሊን የጻፈላት አንድ ደብዳቤ ዛሬም አለ። የወደደባትን ነገር ቁጥር እየሰጠ፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለ ዘርዝሮላታል። መጨረሻው ላይ መሠረቱን በቆፈርኩ ቁጥር ጠንካራ ድንጋይ አገኛለሁ፣ በዚያ ላይ ኑሯችንን እንሠራለን የሚል ሐሳብ አለ። አርክቴክት ሲያፈቅር እንዲህ ነው።

እንዴት ሞተ? ሥራዎቹንስ ማን ጨረሳቸው?

የአንጎል ዕጢ ተገኘበት። ሴፕቴምበር 1 ቀን 1961 ሚሺጋን ውስጥ በቀዶ ሕክምና ላይ ሳለ አረፈ። 51 ዓመቱ ነበር።

ዳላስ አላለቀም ነበር። ቲ.ደብልዩ.ኤ. አልተከፈተም። የሴንት ሉዊሱ ቅስት ከመሬት አልተነሳም። ስመ ጥር ያደረጉትን ሦስቱንም ተጠናቀው አላያቸውም። ከእሱ ጋር ይሠሩ የነበሩት ኬቨን ሮሽና ጆን ዲንከሉ አንድ በአንድ ጨረሱለት። ዳላስን ፕሬዚዳንት ኬኔዲ ኖቬምበር 17 ቀን 1962 መረቀው። ሳሪነን ከመሞቱ በፊት ይህ ኤርፖርት እስካሁን ከሠራኋቸው ሁሉ የሚበልጠው ነው ብሎ ነበር።

ሥራዎቹን የት ሄጄ ልይ?

ኒው ዮርክ ከሆናችሁ ቲ.ደብልዩ.ኤ. ሆቴል ገብታችሁ ቡና ጠጡ። ቦስተን አካባቢ ከሆናችሁ የኤም.አይ.ቲ. ጸሎት ቤት ፀሐይ ባለበት ቀን ይሁን፤ ውሃው ካልበራ ግማሹን ታጣላችሁ። ሴንት ሉዊስ ላይ ቅስቱ ውስጥ አምስት ሰው በምትይዝ ጠባብ ክፍል ተቀምጦ አራት ደቂቃ ገደማ መውጣት ነው። ረጅም ሰው ጎንበስ ማለት አለበት።

ዋሽንግተን ያላችሁ ደግሞ ሰው ልትሸኙ ስትሄዱ ግማሽ ሰዓት ቀድማችሁ ድረሱ። ሻንጣው ከተመዘነ በኋላ ከመስታወቱ ርቃችሁ መሐል አዳራሹ ላይ ቁሙና ከረጃጅሞቹ ዓምዶች ወደ አጫጭሮቹ ተመልከቱ። ማታ ከሆነ ከመኪና ማቆሚያው በኩል እዩት። ውስጡ በርቶ ጣሪያው ብቻውን አየር ላይ የቀረ ይመስላል። እናቴን ስሸኝ እዚያው ቆመን አሳየኋት። ነጠላዋን አስተካክላ ለረጅም ጊዜ ካየችው በኋላ "ማን ነው የወጠረው?" አለችኝ።